አጣጥልልኝ ያልኩት ሰው መኪናዬን ወሰዳት

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ዛሬ የደረሰብኝን ሰምታችሁ ካልሳቃችሁ ልባችሁ ድንጋይ ነው። ከሳቃችሁ ደግሞ እቀየማችኋለሁ። ምረጡ!

ይህን የምጽፈው የቤቴ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ውስጥ የባሌ የልደት እንግዶች ይበላሉ፣ ይጠጣሉ። እኔ የክት ልብሴን ለብሼ ውጭ ነኝ። እጄ ላይ የደም ግፊት መለኪያ ታስሯል።

ለምን አትሉም? ቆዩ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ባሌ ግርማ ስልሳ ዓመት ሞላው። እዚህ አገር ከመጣ ጀምሮ መሪ ይዞ ነው የኖረው። መጀመሪያ ታክሲ ነዳ። ከዚያ የሆቴል ሻትል። ልጆች ሲወለዱ ለቤት ደግሞ ቫን ገዛን። ሁልጊዜ ከኋላው ሰው አለ። ሁልጊዜ አንዱ "ፍጠን" ይለዋል፣ ሌላው "ኧረ ቀስ" ይለዋል።

ቀስ የምለው እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ሰፈራችን ካለው ሐይቅ፣ ከሌክ ሜሪት አጠገብ ቀይ መብራት ያዘን። ከጎናችን አንዲት ትንሽ፣ ጣሪያዋ የተነሳ፣ የድሮ ስፖርት መኪና ቆመች። ግርማ አያት፣ አያት፣ አያት። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላችን ጡሩምባ በጡሩምባ ሆነ። እሱ አልሰማም። ከዚያ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው፣ "ሁለት ሰው ብቻ ነው የምትይዘው" አለ።

በቃ፣ ይህችን ብቻ ነው ያለው። እኔ ግን ልቤ ውስጥ አስቀመጥኳት። ሁለት ሰው ማለት እሱና እኔ ነን። ሌላ ማን አለ?

ይህችን ነገር እንዳትረሷት!

ዘንድሮ የዕቁቤ ዕጣ ወጣልኝ፤ ልደቱም ደረሰ። ልጄ ሊያ ስልኳ ላይ ፈልጋ ፈልጋ አንዲት አገኘች። ሳን ሆዜ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ጋራዡ ውስጥ ያስቀመጣት፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ሁለት በር፣ ጣሪያዋ ጨርቅ የሆነ። ሊያ ኮል አድርጋ ቀጠሮ ያዘችልኝ።

እኔን ታውቁኛላችሁ። ፈሪ ነኝ። ምድጃ አጥፍቼ ወጥቼ፣ ተመልሼ አያለሁ። ልጆቼ ይህን አክለው እንኳ "ደርሻለሁ" ብለው ቴክስት ካላደረጉልኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። እንዲህ ያለች ሴት ኤርባግ የሌላት መኪና ልትገዛ ተነሳች!

ብቻዬንማ አልሄድም አልኩ። መኪና የሚያውቅ ሰው ያስፈልገኛል።

ማንን ወሰድኩ? በላይን።

በላይ የባሌ አንደኛ ሚዜ ነበር። ይኸው ልጆቼ ለወግ ለማዕረግ ደርሰው፣ እሱ እስከ ዛሬ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። "ሙሽሪት" ነው የሚለኝ። እኔም እንደ ወንድሜ ነው የማየው። ነበር!

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ወዲያ አልተማርኩም። ግን ከእናቴ ጋር ጨርቅ ሸጬ ያደግኩ ሰው ነኝና ገበያ ማንም አያስተምረኝም። ደንቡ ይህ ነው። የወደድሽውን ዕቃ ወደድኩት አትይም። አጠገብሽ የሚያጣጥል ሰው ታቆሚያለሽ። እሱ ያጣጥላል፣ አንቺ ፊትሽን ታጠቁሪያለሽ፣ ከዚያ ትተሽ ትሄጂያለሽ። ሻጩ ይጠራሻል። እግርሽን እየጎተትሽ ትመለሻለሽ። ይቀንስልሻል። ተመራርቃችሁ ትለያያላችሁ።

ስለዚህ ሊያ እየነዳችልን ፍሪዌይ ላይ እያለን ለበላይ ነገርኩት። በገዛ አፌ! "ምንም ብታምርህ እንዳታመሰግናት። አጣጥልልኝ" አልኩት።

"እስከ የት ድረስ?" አለኝ።

"እስከቻልከው።"

ቻለ!

ሰውየው ጋራዡን ከፈተ። ሽፋኗን ቀስ አድርጎ ገፈፈው፤ የተኛ ሕፃን እንዳይነቃበት ብርድ ልብስ እንደሚገልጥ ሰው። ልቤ ቀጥ አለ። መኪናዋ ልክ ያቺ፣ ቀይ መብራት ላይ ያየናት ዓይነት ናት። ግርማ መሪው ላይ ታየኝ። እኔ ከጎኑ፣ ነጠላዬ በነፋስ እየተርገበገበ ታየኝ። ኤርባግ የሚባል ነገር ከነመኖሩ ረሳሁት።

ፊቴን ግን አጠቆርኩ። አሠልጥና ያሳደገችኝ እናቴ ናታ!

በላይ ሥራውን ጀመረ። ዞራት። ጎንበስ ብሎ ከሥሯ አየ። ከንፈሩን መጠጠ። ለሰውየው በእንግሊዝኛ፣ ለእኔ በአማርኛ እየደጋገመ፣ ከሥሯ ዝጋለች አለ። ፍሬኗ አያስተማምንም አለ። እንዲህ ያሉት ሽቦአቸው አርጅቶ መንገድ ላይ እሳት ያስነሳሉ አለ። መጨረሻ ላይ ራሱን ነቅንቆ ወደ እኔ ዞረና፣

"ሙሽሪት፣ ግርማን ጠልተሽው ከሆነ ይህችን ግዢለት" አለኝ።

እኔስ ምን ሆንኩ?

አመንኩት!

ዋሽልኝ ብዬ ይዤው የሄድኩትን ሰው፣ ሲዋሽልኝ አመንኩት! እሳት ሲል እሳቱ ታየኝ። ግርማ ከነኮቱ፣ ብሪጁ ላይ፣ ጭስ ውስጥ ታየኝ። የሚያጣጥል ይሁን የሚያስጠነቅቅ መለየት አቃተኝ። እንዲጠቅሰኝ ዓይን ዓይኑን አየሁት። አልጠቀሰኝም። ምን ዓይነት ሰው ነው ሲዋሽ የማይጠቅስ?

ሰውየው ሁሉንም ሰምቷል። ፊቱ ቀልቷል። ቁርጥ ዋጋ ነው እንኳ አላለም።

ግማሽ ልቤ እየፈራ፣ ግማሽ ልቤ ደንቡን እያስታወሰ፣ "እንሂድ" አልኩ። ቀስ ብዬ ነው የተራመድኩት፤ ለመጠራት በሚመች አረማመድ። ከጠራኝ ፍርሃቴም ይለቀኛል፣ የእግዜር ፈቃድ ነው ብዬ እገዛታለሁ ብዬ ነበር።

ከኋላዬ የሰማሁት የጋራዡ በር ሲዘጋ ነው።

"ብሎኩን አንዴ ዙሪው" አልኳት ሊያን። ዞረች። በሩ እንደተዘጋ ነው። "ድገሚው" አልኳት። ደገመችው።

"ማም፣ ሂ ኢዝ ኖት ካሚንግ" አለች ልጄ፤ አይመጣም ማለቷ ነው።

በላይ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ በመስኮት ወደዚያ ጋራዥ አንገቱን አስግጎ ነበር። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ!

ቤቴ ገብቼ ራሴን አጽናናሁ። ባሌን ከእሳት አዳንኩት አልኩ። ግን ባዶ እጅ ልደት አይሆንም። ፋርማሲ ሄጄ የደም ግፊት መለኪያ ገዛሁለት።

አትሳቁ! ጥሩ ዓይነት ነው። ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይናገራል።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንግዳው ሞላ። ግርማ ስጦታውን ፈታ፤ አየው፤ አገላበጠው። "እግዜር ይስጥልኝ፣ ያስፈልገኝ ነበር" አለ። ጨዋ ሰው ነው። ሳጥኑን ቲቪው አጠገብ፣ ካለፈው ዓመት ስጦታዬ፣ ከወገብ ትራሱ ጎን አስቀመጠው።

ያን ጊዜ ከውጭ የሞተር ድምፅ መጣ። የዛሬ መኪና ድምፅ አይደለም። ጉሮሮውን የሚጠርግ ሽማግሌ ዓይነት ድምፅ ነው። እንግዳው ሁሉ ወደ በር ተጋፋ። እኔም የኬክ መቁረጫውን ቢላ እንደያዝኩ ወጣሁ።

አረንጓዴ። ሁለት በር። ጣሪያዋ ተነስቷል።

መሪው ላይ በላይ!

የቆዳ ጓንት አድርጓል! ሌላውን ሁሉ ይቅር ብለው ያን ጓንት ይቅር አልለውም።

ሊያ ቢላውን ከእጄ ወሰደችው። አስተዋይ ልጅ ናት።

ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም፤ የጸሎት እህቶቼ ይህን ፔጅ ያያሉ። ሌባ ማለቴን ግን አልክድም። እኔ እንደ ወንድሜ ሳይህ አንተ እንደ ጅል አየኸኝ ማለቴንም አልክድም። እንጀራዬን በልተህ አልኩት። በልቷልም፤ ለሠላሳ ዓመት!

እሱ ጓንቱን በጣት በጣቱ እያወለቀ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው፣ "ሙሽሪት፣ አጣጥል አልሽኝ፣ አጣጠልኩ። አልገዛም አልሽ። ታዲያ እዚያ ትቅር?" አለኝ።

"እሳት ታስነሳለች አላልክም?"

"እስከቻልከው ነበር ያልሽኝ።"

ሰዉ ሳቀ። በደጄ፣ ወጤን በልቶ፣ በእኔ ሳቀ!

ቆዩ፣ የባሰው አለ። ይህንን ራሱ በላይ ነው ለእንግዳው የተረከው፤ እያጣጣመ። ለካ በማግስቱ ብቻውን ሳን ሆዜ ተመልሶ ሄዷል። ሰውየውን ይቅርታ ጠይቋል። መኪናዋ የሟች ሚስቱ ነበረች። በላይ ተቀምጦ የሚስቱን ታሪክ እስከ መጨረሻው ሰማው። ከዚያ መኪናዋን ከመብራቷ እስከ ጎማዋ አመሰገናት። ሰውየው እንባው መጣና፣ ለሚወዳት ሰውማ ብሎ ቀነሰለት።

ሳይጠየቅ! አመስግኖ አስቀነሰ!

እናንተ፣ ይህ ምን ዓይነት ገበያ ነው? እናቴ ብትሰማ መቃብሯ ውስጥ ትገለበጣለች። እኔ ያንን የሚስት ነገር ባውቅ አፌን እይዝ ነበር። ግን ማን ጠየቀ? ፊቴን ሳጠቁር ጊዜው አለፈ።

እኔና በላይ ስንጨቃጨቅ ግርማ ከእኛ ጋር አልነበረም። መኪናዋን ይዞራታል። በሯን በጣቱ ጫፍ ይነካና እጁን ይሰበስባል፤ አይዞህ ያላሉት ልጅ ይመስል። በመጨረሻ ቀና ብሎ አየኝ።

"ለእኔ ብለሽ ነው ሳን ሆዜ ድረስ የሄድሽው?" አለኝ፣ በቀስታ።

አዎ ማለት ነበረብኝ። ቀላል ቃል ናት። እኔ ግን ወደ በላይ ዞሬ ጭቅጭቄን ቀጠልኩ።

በላይ ቁልፉን ሰጠው። "ዛሬ ያንተ ቀን ነው፣ አንተ ንዳት" አለው። ግርማ መሪው ላይ ተቀመጠ። ስልሳው ዓመት ከፊቱ ላይ እንደ አቧራ ተራገፈ። እንዲህ ያለ ፊቱን ያየሁት ሊያ የተወለደች ቀን ነው።

በላይም ደግነት መጣበት መሰለኝ፣ የጎኑን በር ከፍቶ ያዘልኝ። "ነይ ሙሽሪት፣ ግቢ።"

እኔስ ምን አልኩ?

"አይ፣ ይቅርብኝ።"

ለምን አልኩ? እናንተማ ታውቁታላችሁ። ለመለመን ነዋ! በላይ "ኧረ በሞቴ" እንዲለኝ። ግርማ "ያለ አንቺማ አልነቃነቅም" እንዲለኝ። ሁለቴ እምቢ ብዬ፣ በሦስተኛው እያጉረመረምኩ ልገባ! ሰው ጉርሻ እንኳ አንዴ ሲሉት አፉን አይከፍትም። ደንብ አለ!

በላይ "እሺ" አለ።

እሺ!

ገባና በሩን ዘጋው። ግርማ እንኳ ሳይሰማ ሞተሩን አስነሳ። ወደ ሐይቁ ወረዱ። በሠርጌ ቀን በላይ ከፊት ተቀምጦ እኛ ከኋላ ነበርን። "ቦታሽን ማንም አይነካብሽም፣ እኔ አለሁ" ብሎኝ ነበር። ዛሬ ራሱ ተቀመጠበት።

ሁለት ሰው ብቻ ነው የምትይዘው። አስታወሳችሁ?

መለኪያውን ከቲቪው አጠገብ አንስቼ መጥቼ ደረጃው ላይ የራሴን ለካሁ። ጮክ ብሎ ተናገረ። ጎረቤቴ መጋረጃዋን ገልጣ አየችኝ። ቁጥሩን አልነግራችሁም።

በላይ ላይ ያለኝ ንዴት አልበረደም፤ አይበርድምም። ግን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ያን ሽማግሌ ይጠራኛል ብዬ ትቼው ሄድኩ፣ አልጠራኝም። እነዚህን ይለምኑኛል ብዬ እምቢ አልኩ፣ አልለመኑኝም። ያው ስህተት ነው፣ በዚህ ሳምንት ሁለቴ! ፈረንጁስ ደንባችንን አያውቅም። በላይ ምን ነካው? መቼ ነው እንዲህ ፈረንጅ የሆነብን?

ሊያ አሁን መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። "ማም፣ ጀስት አስክ ዴም" ትለኛለች። ውሰዱኝ በያቸው ማለቷ ነው። በአፌ! ልገዛለት ያሰብኳት መኪና ላይ፣ ከገዛ ባሌ ጎን ለመቀመጥ ልለምን!

ቆዩ። የመኪናዋ ድምፅ ይሰማኛል። ከሐይቁ በኩል ጥጉን ዞሩ። ግርማ ፀጉሩ ቆሞ ይስቃል። እኔን ሲያይ እጁን አነሳ።

እህቶቼ፣ ቶሎ መልሱልኝ፤ መለኪያውን ፈትቼ ልነሳ፣ ወይስ አንዴ ብቻ እስኪለምኑኝ ልጠብቅ? እኔ ለዚያ ሽማግሌ ብሎኩን ሁለቴ ዞሬለታለሁ። እነዚህ ለእኔ ስንቴ ይዞሩልኝ ይሆን?