የኔታ የቆጠሩት ተስቦ

ሁሉን ነገር ካልቀመሩ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰዎች አጋጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኔ አንድ አውቃለሁ። ዘመኑ የጣሊያን ነው። ከይጁቤ ወጣ ብላ ባለችው ደብራችን ባሕረ ሐሳብ የሚያስተምሩት የኔታ፣ ፋሲካ የሚውልበትን ቀን ማስላት አልበቃ ብሏቸው የተስቦ በሽታን አካሄድ ማስላት ጀመሩ።

ዘዴያቸው ቀላል ነበር። እሑድ ከቅዳሴ ለቀረ ሰው ሁሉ አንድ ባቄላ ቅል ውስጥ ይጥላሉ። ጤነኛ ሰው ከቅዳሴ ይቀራል እንዴ? በመጀመሪያው እሑድ ሦስት፣ በሁለተኛው ስድስት፣ በሦስተኛው ዐሥራ ሁለት ሆነ። «በመጪው ሃያ አራት ይሆናል» አሉ። አልተሳሳቱም፤ ልክ ሃያ አራት!

ታዲያ አንድ ቀን የጣሊያን ሹም ከነአስተርጓሚው መጥቶ «የዚህ አገር ወንዶች የት ገቡ?» ብሎ አፈጠጠ። የኔታ ባቄላውን ፊቱ ዘረገፉና ስሌቱን አንድ በአንድ በቅንነት አስረዱት። «በዚህ አያያዙ፣ ጌታዬ፣ እስከ ፍልሰታ ተስቦ ያልያዘው ወንድ አይገኝም።» ሹሙ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ በቅሎውን አዞረ፤ ከዚያ ወዲያ ድርሽ አላለም።

እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ።

«የኔታ፣ ይሄ ተስቦ እኛን ሴቶቹን ለምን አይነካንም? የታመመው ሰው ጠመንጃስ ከግድግዳው ላይ አብሮ የሚጠፋው ምን ሆኖ ነው?»

የኔታ ክው አሉ። «ለካ ስቆጥር የከረምሁት ዱር የገባውን አርበኛ ነው!»

በቀጣዩ እሑድ ራሳቸው ከቅዳሴ ቀሩ። ቅሉን አነሣሁና አንድ ባቄላ ጣልሁላቸው።