ጋሽ ደምሴ ያልተቆጡበት ፎቶ

ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ መካኒሳ አቦ ባለች አንዲት ፎቶ ቤት ውስጥ፣ ጋሽ ደምሴ ካሜራ ፊት ለአሥራ አንደኛ ጊዜ ተኮሳተሩ። ተራዬን እየጠበቅሁ ቆጥሬአለሁ። ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ የፈለጉት በአርባ ዓመት ትዳር ያላገኙትን ነው፤ ባላቸው ያልተቆጡበት የሁለታቸውን ፎቶ።

«ዓይን አለኝ» የሚል ፎቶ አንሺ አጋጥሟችሁ ያውቃል? አንገቱን ያዘነብላል፣ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ፎቶው ሲበላሽ በመብራቱ ያሳብባል። እኛም ብንሆን ካሜራ ስናይ ትንፋሻችንን ይዘን ችሎት የቀረበ ምስክር እንመስላለን። ጋሽ ደምሴ ደግሞ የቀድሞ ወታደር ናቸው፤ «ተዘጋጁ» ሲባሉ ተጠንቀቅ ይቆማሉ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ፈገግ ይበሉ እንጂ!» አለች ፎቶ አንሺዋ ሰናይት።

«ምን ተገኘና?»

«እኔን አግኝተህ የለ!» አሉ እትዬ አልማዝ።

ሰናይት ስለ ዓይኗ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። «በቃ ጨርሰናል፣ ይረፉ» አለች፤ ጣቷ ግን ከካሜራው አልተነሳም። ጋሽ ደምሴ ትንፋሻቸውን ለቀቁ፤ ከሚስታቸው ትከሻ የተንሸራተተውን ነጠላ እያቃኑ «ደከመሽ እንዴ?» አሉ። ካሜራው ያኔ ጠቅ አለ።

«ይኼማ ሳልዘጋጅ ነው!» ብለው ተቆጡ።

ፎቶውን አሳየቻቸው። ጋሽ ደምሴ አዩትና አንድ ተጨማሪ ቅጂ አዘዙ፣ በደረት ኪስ የሚገባ።