ማንም ያልሾማቸው አሰልጣኝ

በየሰፈሩ፣ ማንም ያልሾመው፣ ማንም ሊሽረውም የማይችል አንድ አሰልጣኝ አይጠፋም። ለደሴው ቧንቧ ውሃ ሰፈር የደረሱት ክቡር አሰልጣኝ ጸጋው ናቸው።

ክቡርነታቸው ኳስ ሲነኩ ያየ የለም። የሙያ ፈቃዳቸው አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለች ፊሽካ ናት። መድኃኒታቸውም አንድ ነው። ፈተና የወደቀ ይሮጣል፤ ከአባቱ የተጣላ ይሮጣል፤ ጥርሱን ያመመው እንኳ ሜዳውን ሁለቴ ሳይዞር ጤና ጣቢያ አይሄድም። «ሐሳብ የሚወጣው በእግር ነው» ይላሉ።

የዘጠነኛ ክፍሏ ኢስራ ይህን አባባል እንደሳቸው አፏን አጣማ ስትናገረው እሳቸው የሚያሰለጥኑት የመረብ ኳስ ቡድኗ በሳቅ ይፈርስ ነበር። ከሁሉ አብልጣ የምትስቀው ጓደኛዋ ጽናት ነበረች። ታዲያ የጽናት ቤተሰብ ለሥራ ኮምቦልቻ ወረደ። ኮምቦልቻ ሩቅ አይደለም፤ በሚኒባስ ቁልቁል ነው። ኢስራ ግን ከዚያ ወዲህ ለማን ኳስ እንደምታቀብል ጠፋት። ከሜዳ ቀረች፤ ቀጥላም ከማዕድ ቀረች። እናቷ «አብሽሪ ልጄ» ባለቻት ቁጥር ፊቷን ወደ ግድግዳ ትመልሳለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ክፍሏን ዘግታ ትቀመጣለች። የሰፈር ልጆች ሲስቁ ትሰማለች፤ ሳቁ ከሌላ አገር የሚመጣ ይመስላታል።

ሦስት ሳምንት ሲሞላ አሰልጣኝ ጸጋው ሰፈሩ እስከ ዛሬ የሚያወራውን ሥራ ሠሩ። አንድ ጁምዓ ከሰዓት፣ ሐጂ ዑዘይርንና ጡረተኛውን ጋሽ አሞጽን አስከትለው የኢስራን ቤት አንኳኩ። ሦስቱም ጋቢ ደርበዋል። ግቡ ሲባሉ ገቡ፤ ተቀመጡ ሲባሉ ግን እሺታችሁን ሳንሰማ አንቀመጥም አሉ።

የኢስራ አባት፣ ጨርቅ ነጋዴው አብዱልሰላም፣ ፊቱ ጠቆረ። ቆሞ የሚለምን ሽማግሌ ምን ፈልጎ እንደሚመጣ የማያውቅ የወሎ አባት የለም።

«ሐጂ፣ ይህን ከእርስዎ አልጠብቅም ነበር» አለ። «ልጄ ገና አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ወላሂ፣ ለማንም አልድርም።»

«ሙሽራው እኮ ኳስ ነው፣ አብዱልሰላም» አሉ ጋሽ አሞጽ።

ክፍሏ ውስጥ ሆና የምትሰማው ኢስራ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ከንፈሯ ፈታ አለ። አባቷ፣ ቡድኑ አሥር ልጅ እያለው ለአንዷ ሽማግሌ መላክ ምን የሚሉት ነው ብሎ ጠየቀ። ኢስራ፣ አሁን ያቺን የእግር አባባላቸውን ይለፈልፏታል ብላ ጠበቀች። የአሰልጣኙ ድምፅ ግን ዝቅ አለ።

«እኔ በእሷ ዕድሜ ሁለት ዓመት ቤት ዘግቼ ተቀምጫለሁ። ኳስ አላውቅ፣ ጓደኛ የለኝ። በሬን ያንኳኳ ሰው አልነበረም። ትጫወት አላልሁም። ብቻ ትውጣ።»

በማግስቱ ኢስራ ወጣች። አልሮጠችም። ሜዳው ዳር፣ አሰልጣኙ የተቀመጡበት ድንጋይ ላይ ሄዳ ቁጭ አለች። ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላትና ዝም አሉ። ያን ያህል ዝም ሲሉ ሰፈሩ አይቶ አያውቅም።

ብዙ ቆይቶ ኳሷ ከመስመር ወጥታ እየተንከባለለች ኢስራ እግር ሥር ቆመች። ክቡርነታቸው፣ ምንም እንዳላየ ሰው፣ ፊታቸውን ወደ ጦሳ ተራራ አዞሩ።

ኢስራ ከድንጋዩ ተነሣች።