ያጠመደውን የሚለቅ ባል

እስቲ ፍረዱኝ። በታኅሣሥ ብርድ የጎማ ሱሪ ለብሶ እስከ ወገቡ ወንዝ ውስጥ ቆሞ የሚውል፣ ያጠመደውን አሳ ግን መልሶ የሚለቅ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እንዲህ ያለውን አግብቻለሁ። የኦክላንድ ወደብ ላይ ትራክ ይነዳል፤ ከሥራ ሲመለስ አሳ ማታለያ የሚሆን የውሸት ዝንብ ከላባና ከክር ይሠራል። የሸሚዙን ቁልፍ ግን የምተክልለት እኔ ነኝ!

ዘንድሮ የማርያም ማኅበር ተራዬ በነቢያት ጾም ላይ ዋለ። የንስሐ አባቴን ጠይቄ አሳ ፈቀዱልኝ። ባለቤቴም፣ "አሳውን ለእኔ ተዪው" አለ። አምኜው ቁሌቱን አዘጋጀሁና በረዶ የሞላ ኩለር ይዤ ወንዙ ድረስ አብሬው ሄድኩ።

አራት ሰዓት ሙሉ በብርድ ከተንቀጠቀጥኩ በኋላ ትራውት የሚሉትን ክንድ የሚያህል አሳ ያዘ። እልል አልኩ። እሱ መንጠቆውን እንደ ሐኪም ቀስ ብሎ ነቀለና አሳውን ወደ ውሃው ሸኘው።

"ምነው አንተ!"

"ካች ኤንድ ሪሊስ ነው እኮ የኔ እመቤት፤ ይዞ መልቀቅ፣ ስፖርት ነው።"

"ማኅበርተኞቹስ?"

"ሽሮ ይወዳሉ።"

ቅዱስ ጴጥሮስ እንኳ መረቡን ተወ እንጂ የያዘውን አሳ መልሶ ባሕር አልጨመረም!

እሑድ ሽሮ አቀረብኩ። እሱ ግን ሳያፍር መሀል ቆሞ የአሳውን ርዝመት በሁለት እጁ ያሳያል፤ በተናገረ ቁጥር እጆቹ ይራራቃሉ። አሳው አሳ ነባሪ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ የማኅበሩ ታላቅ እትዬ አስካለ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "ልጄ፣ የገናውን በግ እንዲገዛ እሱን እንዳትልኪው፤ አደራ" አሉኝ።