የግምት ዝርዝሩን የለጠፍኩት እኔ ነኝ

ዛሬ ያደረግኩትን ብነግራችሁ አታምኑኝም ልል ነበር። ግን ገሚሶቻችሁ በዓይናችሁ አይታችሁታል።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከአርባ ላይ ቴሌግራም ግሩፓችን አናት ላይ ፒን ስላደረግኩት ዝርዝር ነው የማወራው። አራት ደቂቃ ቆይቶ ጠፋ። "አድሚን ምን ነካው?" ብላችሁ በውስጥ መስመር የጻፋችሁልኝ አስራ አንድ ናችሁ።

እሺ፣ ምን እንደነካኝ ልንገራችሁ።

አዲስ ለገባችሁ፦ ይህ ግሩፕ "ድልድዩ" የምንለው ጌም ክፍል ሁለቱ እስኪወጣ ሲጠብቅ ሰባት ዓመት የሞላው ግሩፕ ነው። ሰባት ዓመት! በዚህ መሃል ከኛ ውስጥ ያገባ አለ፣ የወለደ አለ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ ተመርቆ፣ ተመልሶ ባጃጅ የሚነዳ አለ። ጌሙ ግን አልወጣም።

እኔ ደብረ ታቦር፣ መናኸሪያው አካባቢ ሞባይል እጠግናለሁ። ማንም አላስተማረኝም። እያበላሸሁ ነው የተማርኩት።

ክርክራችንን ታውቁታላችሁ። ክፍል አንድ ሲያልቅ ድልድዩ ይደረመሳል፣ ጠባቂውም አብሮ ገደል ይገባል። ሞቷል ወይስ አልሞተም? የ"ሞቷል" ባዮች አለቃ እኔ ነኝ። ወንዙ ዳር የተገኘው የራስ ቁር ማሰሪያው እንደተበጠሰ አጉልቼ፣ በቀይ አክብቤ፣ ስንት ጊዜ ለጥፌያለሁ። የ"አልሞተም" ባዮች አለቃ ይበልጣል ነው። የሱ ማስረጃ አንዲት ናት፤ ሬሳው አልታየም።

ይበልጣል ጓደኛዬ ነው። ከሱቄ ሦስት በር አልፎ ጌም ቤት አለው። የመጀመሪያዋን ኮንሶል የገዛለት ታላቅ ወንድሙ ምንይችል ነው። እናት አባታቸው ካለፉ ጀምሮ ያሳደገውም እሱ ነው። በየዓመቱ መተማ ይወርዳል፣ ሰሊጥ አጭዶ ይመለሳል። ግሩፑ ላይም ነበረ። ብዙ አይጽፍም። ኔት ያገኘ ቀን "ወጣ እንዴ?" ይላል፣ ከዚያ ይጠፋል።

ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሱቄን ልከፍት ስመጣ የይበልጣል አጎት ጋሽ ታደለ በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ጋቢያቸውን እስከ አፋቸው ስበውታል።

ምንይችል መተማ ላይ ሞቷል። ወባ ነው አሉ። ሦስት ቀኑ ነው። መንገዱ አላሳልፍ ስላላቸው እዚያው ቀብረውታል።

ይበልጣል አልሰማም።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ለእናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ የሚይዙ ሰዎች በግራና በቀኝ ይቆማሉ። ከዚያ በኋላ ነው የሚነገረው። ብቻውን የሚሰማ ሰው የለም። ወጉ ጎህ ሳይቀድ ነበር፤ ጋሽ ታደለ ግን እስከ ነገ ማቆየት አይቻልም አሉ፣ በዚህ በስልክ ዘመን። አክስቱ እትዬ አለምነሽ ከይፋግ እየመጡ ነው። የንስሐ አባቱ መምሬ ይሄይስ ደግሞ ቅዳሴ ላይ ናቸው፤ ረቡዕ በመሆኑ ከሰዓት ካልሆነ አይወጡም። ስለዚህ ዘጠኝ ሰዓት ተባለ።

"እስከዚያ አንተ ያዘው" አሉኝ። "ስልክ እንዳይነካ፣ ብቻውን እንዳይሆን። አንተ ዝምተኛ ነህ፣ አፍህ አያመልጥህም።"

አፌ አላመለጠኝም። ለጊዜው ይህን ያዙልኝ።

ይበልጣልን ጠርቼ የስልክህ ቻርጅ ማስገቢያ ላልቷል፣ አምጣ ልሥራልህ አልኩት። እውነትም ላልቷል። ወዲያው ፈታሁት። ብሎኖቹን እንደ ልማዴ ወረቀት ላይ በየቦታቸው ደረደርኳቸው። ከዚያ አንድ ዕቃ ከባሕር ዳር እስኪመጣልኝ ጠብቅ ብዬ ዋሸሁት። ኮምፒውተሩንም ወደሱ አዙሬ አዲሱን ትሬለር፣ የክፍል ሁለትን ማስተዋወቂያ ቪዲዮ፣ ከፈትኩለት፤ ትናንት የወጣውን፣ "የሚወጣበትን ቀን ነገ ማታ እናሳውቃለን" የሚለውን።

ከዚህ የተሻለ ማቆያ በዓለም ላይ አለ? ፍሬም በፍሬም እያስቆምን ስንከራከር ከአራት ሰዓት በላይ ተቀመጥን።

እሱ ተከራከረ ማለት ይሻላል።

ጭጋጉ ውስጥ የሚሄድ ሰው አለ፣ አይታችሁታል። ይበልጣል ጠባቂው ራሱ ነው አለ። አይደለም። ጠባቂው ግራኝ ነው፤ ያኛው ፋኖሱን የያዘው በቀኙ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን አፍንጫው ድረስ አጉልቼ አሳየው ነበር። ዛሬ ግን "ሞቷል" የምትለዋ ቃል ከአፌ አልወጣ አለች።

"ሊሆን ይችላል" አልኩት።

ዞሮ አየኝ። "አሞሃል እንዴ?"

ደህና ነኝ አልኩ።

"ሰባት ዓመት አንዲት ፍሬም ያልለቀቅክልኝ ሰውዬ ዛሬ 'ሊሆን ይችላል'?" ሳቀ። "ቶሎ ጨርስልኝና ስልኬን ስጠኝ በል። ለአያ ምንይችል ደውዬ እጁን ሰጠ ልበለው።"

አንገቴን ደፍቼ ንጹሑን ቻርጅ ማስገቢያ በብሩሽ ጠረግኩ።

አሁን ወደ ኃጢአቴ ልምጣ።

ጌሙ የሚወጣበት ቀን ማታ ስለሚታወቅ የግምት ዝርዝራችን ስምንት ሰዓት ላይ ይዘጋ ነበር። እናንተም ግምታችሁን ስትቀያይሩ ስልኬን አስጨነቃችሁት። ምንይችል ሰባተኛው ነው፤ ግምቱ "ከፋሲካ በፊት" ይላል።

ጋሽ ታደለ ከሄዱ በኋላ፣ ይበልጣል ከመምጣቱ በፊት፣ አርባ ደቂቃ ያህል ብቻዬን ነበርኩ። ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅሳል። እኔ ዝርዝሩን አስተካከልኩ። ሰባተኛውን መስመር አወጣሁና ከላይ "ወንድማችን ምንይችል፣ ነፍሱን ይማር" ብዬ ጻፍኩ። መርዶው ከተነገረ በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልለጥፈው። እውነት ያልሆነ መስመር ዝርዝሬ ውስጥ ማሳደር አልችልም። እንዲህ ነው የተፈጠርኩት። አራት ነጥቡን እንኳ ሁለቴ አይቻለሁ!

ሁለቱን ዝርዝሮች፣ የአሁኑንና የዘጠኝ ሰዓቱን፣ አንዱን ከአንዱ ሥር አስቀመጥኳቸው።

ገብቷችኋል።

ሰባት ሰዓት ከአርባ ላይ የአሁኑ የመሰለኝን ኮፒ አደረግኩ፣ ለጠፍኩ፣ ፒን አደረግኩ። ሥራውን እንደጨረሰ ሰው ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

የኮምፒውተሩ ቴሌግራም ክፍት ነው። ትሬለሩ አንድ ደቂቃ ከአስራ ሁለት ሰከንድ ላይ ደርሷል። ስክሪኑ ታች በስተቀኝ ጥጉ ላይ የአንዳችሁ መልእክት ብቅ አለ። "ነፍሱን ይማር። ምንይችል ምን ሆኖ ነው?" ይላል። የጻፍከው ልጅ፣ አልወቅስህም። አንተ ያነበብከውን ነው የጠየቅከው።

ይበልጣል ትሬለሩን አቆመው።

"ምንይችል የቱ ነው?" አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

እንግዲህ ግሩፓችን ላይ ሌላ ምንይችል አለ፤ የወረታው። "የወረታው ነው" ብል ያልፍ ነበር። አንዲት ቃል። ሰውዬው ይቅር ይለኝ ነበር፣ ደህና ነው እኮ፣ ዛሬም ግምቱን ልኳል።

እኔ ምን አልኩ?

"ስህተት ነው" አልኩት። "መለጠፍ የነበረበት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።"

አዎ፣ እንዲህ ነው ያልኩት። የወንድሙን መርዶ ነገርኩት፣ አልበቃኝም፣ ሰዓቱን አረምኩለት።

ከዚያ ቀጥሎ ያደረግኩትን ደግሞ ስሙ። ዝርዝሩን አጠፋሁ። ሰው ፊቴ ቆሞ እየደረቀ እኔ ፒን እፈታለሁ።

ልይዘው ስነሳ ጉልበቴ ጠረጴዛውን መታው። ግራና ቀኝ የሚቆም ሰው የለም፤ ያለሁት እኔ ነኝ፣ ሃምሳ ኪሎ የማልሞላው። ግን አልወደቀም። አልጮኸም።

"ማን አየው?" አለኝ።

የገፋሁትን ጠረጴዛ ወደ ቦታው መለስኩ።

"ሬሳውን ማን አየው?"

በዚህች ጥያቄ ሰባት ዓመት ስከራከር ኖሬያለሁ። የማሳየው አንዲት ስክሪንሾት አልነበረኝም።

"ስልኬን ስጠኝ" አለኝ። "እደውልለታለሁ።"

ስልኩ ጠረጴዛዬ ላይ ተበታትኗል። ልገጥመው ጀመርኩ። እሱ ራሴ ላይ ቆሞ ጣቶቼን ያያል። ስልኩ ተገጥሞ እስኪያልቅ ወንድሙ አለ፤ ይህን ፊቱ ላይ አነበብኩት። ስለዚህ አዘገየሁ። የጠረግኩትን እንደገና ጠረግኩ፣ የገጠምኩትን ፈትቼ ገጠምኩ።

ከዚያ ረጅሙን ብሎን በአጭሩ ቦታ አስገባሁት።

ጠጋኝ የሆናችሁ አሁን ዓይናችሁን ጨፍናችኋል። ቀጭ ሲል ሰማሁት። የብሎኑ ጫፍ ቦርዱን ወግቶ ሰነጠቀው። በስድስት ዓመት ሥራዬ አንድም ቀን አድርጌው አላውቅም። ስልካችሁን ለእኔ የሰጣችሁ አትደንግጡ፣ ለእኔ የተጻፈው ክፉ ቀን ዛሬ ነበር።

"አልበራም" አልኩት።

"አይበራም" አለና ቁጭ አለ።

እኔም አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ዛሬ በትክክል የሠራሁት ሥራ ይህ ብቻ ነው።

ለዘጠኝ አስር ጉዳይ ላይ ጋሽ ታደለ መጡ። እትዬ አለምነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ላለመልበስ እየታገሉ፣ መምሬ መስቀላቸውን እንደያዙ፣ አራት የሰፈር ሰዎችም ከኋላ። ሱቄ የሚችለው ሦስት ሰው ነው። ልናዘዝ ብድግ አልኩ።

ይበልጣል ሱሪዬን ያዘና ወደ ታች ሳበኝ።

ራሱ ተነሳ። መስቀል ተሳለመ። ለአክስቱ ወንበር ለቀቀ። "ምነው፣ በሰላም ነው?" አለ፣ በዚያው በሌላ ቀን ድምፁ።

ጋሽ ታደለ እንደሚጀመረው ጀመሩ። ሥራ እንዴት ነው አሉት፣ ደህና ነው አላቸው። ሰጪውም ነሺውም እግዚአብሔር እንደሆነ፣ እሱም ልጅ እንዳልሆነ፣ ወንድ ልጅ እንደሚችል ነገሩት። ይበልጣል መሬት መሬቱን እያየ አንድም ቃል ሳያቋርጥ አዳመጣቸው። አላስቸኮላቸውም። ስሙ ላይ ሲደርሱ ነው የጮኸው። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጩኸት አልሰማሁም። ከሰፈር ሰዎቹ ሁለቱ ያዙት፤ እሱም ሙሉ ክብደቱን ለቀቀላቸው።

እኔን ሊያድነኝ ነው? ወይስ ወንድሙ በወጉ እንዲረዳለት ፈልጎ? አላውቅም። አልጠየቅኩትም። የምጠይቅበትም ፊት የለኝም።

አመሻሹን ድንኳን ተተከለ። ብዙዎቻችሁ መጥታችኋል፣ እግዜር ይስጥልኝ። አስራ ሁለት ሰዓት ላይ የሃያ ሰው ኪስ አንድ ላይ ሲንቀጠቀጥ ሁላችንም ምን እንደሆነ አውቀናል። ቀኑ ወጥቷል። አንድም ሰው ስልኩን አላወጣም። እኔም እስካሁን አላየሁትም።

ያላያችሁት ግን አንድ ነገር አለ። ጋሽ ታደለ ትከሻዬን ይዘው በሰው መሃል አዞሩኝ። "ይህን ልጅ እዩልኝ" አሉ። "ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ውሎ ፍንጭ አልሰጠም። ምስጢር ለእንዲህ ያለ ሰው ነው።" እትዬ አለምነሽ እንባ በእንባ ሆነው ሳሙኝ። ንፍሮው ሲዞር ከእኔ ተጀመረ። አንድ ሽማግሌ የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ሱቄስ የት ጋ እንደሆነ ጠየቁኝ። ለሌላ ጊዜም እንዲህ ያለ ክፉ ነገር ከመጣ የሚጠራውን ሰው አውቀው ሊያስቀምጡ ነው።

ይበልጣል ፊት ለፊት ፍራሽ ላይ ነበር። ሁሉንም ሰምቷል። አንዴ ቀና ብሎ አየኝ፣ መልሶ አቀረቀረ።

ጋሽ ታደለ ቴሌግራም የላቸውም። ልጆቻቸው ግን እዚህ አሉ፣ አውቃችኋለሁ። ደብቁልኝ አልልም። ከሰልስቱ በኋላ እኔው ራሴ ሄጄ እንድነግራቸው ሁለት ቀን ስጡኝ።

ነገም ጠዋት እሄዳለሁ። ወንበር እደረድራለሁ፣ ጋሽ ታደለ ለአዲስ መጪ ሁሉ እንደገና ያመሰግኑኛል፣ ይበልጣልም እዚያው ተቀምጦ ይሰማል። ዛሬ ሲመርቁኝ "አሜን" ብያለሁ።

እስቲ "ሞቷል" ባዮችም "አልሞተም" ባዮችም፣ ለሁሉ ነገር መልስ የማታጡ ሰዎች፣ ነገስ ምን ልበል?