የመብራቱ አውጫጭኝ

ነገሩ ከመጀመሩ በፊት የነበረው ሁኔታ በትክክል ሊታወቅ ይገባል። ሐሙስ ጧት በመንዝ፣ በቀየት መንደር፣ በአቶ ቴዎፍሎስ ግቢ ውስጥ፣ አንዲት አሮጌ ፒክአፕ መኪና ቆማ ነበር። ሞተሯ ይነሣል፤ ፍሬኗ ይይዛል፤ ጎማዎቿ አየር አላቸው። የፊት መብራቶቿ ብቻ ብልጭ ድርግም ይላሉ። በሌላ አገር ይህ ቀላል ነገር ነው። በመንዝ ግን ጉሙ መንገዱ ላይ እንደ ባለርስት ተኝቶ ስለሚውል፣ በቀትርም ቢሆን ያለ መብራት የሚነዳ ሰው አንድም ከበግ መንጋ፣ አንድም ከገደል ይገናኛል።

እሁድ ደግሞ የአቶ ቴዎፍሎስ አማት ተዝካር ሞላሌ ላይ ይወጣል። «ዳቦውንና ጠላውን በገዛ መኪናዬ አመጣለሁ» ብለው በለቅሶው ዕለት፣ በሰው ፊት፣ ቆመው ተናግረዋል። የሚስታቸው ወንድሞች ይህን ቃል አልረሱትም። ባዶ እጁን ተዝካር የሄደ አማች ስሙ ከሟቿ ስም በላይ ሲነሣ ይኖራል።

ደግነቱ አቶ ቴዎፍሎስ ለዚህ ዓይነት ፈተና የተፈጠሩ ሰው ናቸው። የማኅበራዊ ፍርድ ቤት ሰብሳቢ በነበሩባቸው ዓመታት ሥርዓቱን ሳይጠብቅ የተዘጋ አንድም ጉዳይ የለም፤ አብዛኛው ጨርሶ አልተዘጋም።

«መሐል ሜዳ ያለውን ኤሌክትሪሻን ልጥራው?» አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩሸዋ፣ ስልካቸውን እያወጡ።

«ጥፋተኛው ሳይለይ? ቅጣት ከፍርድ ይቀድማል?»

«መብራት ነው እኮ። ሰው አልገደለ።»

«ገና ነው» አሉ አቶ ቴዎፍሎስ።

ስለዚህ የአባቶች ሥርዓት የሆነው አውጫጭኝ ተጠራ። ድሮ ከብት ሲሰረቅ አገሬው ሁሉ አንድ መስክ ላይ ይሰበሰብና ሌባው እስኪወጣ ማንም ቤቱ አይገባም ነበር፤ ሌባው ካልተገኘም ሁሉም በአንድነት ይቀጣል። ይህ ጥበብ እስካሁን በመኪና ላይ አለመሞከሩ የሚያስቆጭ ነው። ዓርብ ጧት ሁለት ሸንጎኞች ተሰየሙ። አንደኛው መኪና ነክተው ስለማያውቁ ከአድልዎ ነጻ የሆኑት መሪጌታ ይሥሐቅ ናቸው። ሁለተኛው አቶ ፈንታ፣ ወፍጮ ቤት ስላላቸው የሚንጓጓ ነገር ሁሉ ይገባቸዋል። ከአጥር ውጭ ቆሞ ያየ ጎረቤት ሁሉ ምስክር ተባለና ወደ ቤቱ እንዳይሄድ ታገደ።

የታገደ ሰው መብላት አለበት። በቤቱ የነበረው ደግሞ ለተዝካሩ የተጋገረው ስድስት ድፎ ዳቦ ብቻ ነው።

«አንዱ ብቻ ይቆረስ» አሉ ጥሩሸዋ።

«ለነፍሳቸው ነው» አሉ መሪጌታ፣ ትልቁን እየመረጡ።

አቶ ቴዎፍሎስ ከመኪናዋ ፊት አጎዛ አነጠፉ። የምርመራው ዘዴ እንከን አልነበረውም፤ አንድ ዕቃ ይነቀላል፣ ብልጭ ድርግሙ ከቆመ ጥፋተኛው እሱ ነው።

ፊውዙ ተነቀለ። መብራቱ ድርግም አለ፤ ብልጭታውም ቆመ።

«አመነ» አሉ አቶ ቴዎፍሎስ።

«ቶሎ ያመነ ሰው የሚሸፍነው ተባባሪ አለው» አሉ አቶ ፈንታ። «ሌሎቹም ይጠየቁ።»

ፊውዙ ተመለሰና ማብሪያ ማጥፊያው ተነቀለ። ብልጭታው ቆመ። እሱ ተመልሶ አምፖሎቹ ወጡ። ቆመ። በመጨረሻ ባትሪው ወጣ፤ አሁንም ቆመ። ዓርብ ሲመሽ ያላመነ ዕቃ አልነበረም። መሪጌታ እንዲህ ያለ የተሟላ ኑዛዜ በሰሞነ ሕማማት ካልሆነ በቀር ሰምተው እንደማያውቁ መሰከሩ። ሁለት ዳቦ ተጨመረ።

ቅዳሜ ለተዝካሩ የተጠመቀው ጠላም ተከፈተ። አቶ ፈንታ ዋንጫቸውን እንደያዙ ጎንበስ ብለው ወደ ሞተሩ አዩ።

«ይህ ጥቁር ገመድ ግን፣ ከባትሪው መጥቶ መኪናዋ ብረት ላይ የሚታሰረው፣ ብሎኑ ላልቷል። ዝጓልም። ይኸው፣ ስነካው ይወዛወዛል።»

አቶ ቴዎፍሎስ በጣታቸው ሞከሩት። እውነትም ይወዛወዛል።

«ከአካሏ ጋር የተሳሰረ ነው» አሉ። «የሥጋ ዘመድ ነው። ዘመድ በዘመዱ ላይ አይመሰክርም።»

«ታዲያ ዝገቱን ፍቀን ብሎኑን ብናጠብቀውስ?»

«በምርመራ ላይ ያለን ማጥበቅ ማስገደድ ይባላል፣ አቶ ፈንታ። እኔ ደግሞ በግድ የወጣ ቃል ተቀብዬ አላውቅም።»

መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። በሐሳቡ ተስማምተው ይሁን ጠላው ከብዷቸው አልተጣራም።

ማምሻውን ሁሉም ቆሞ ፍርዱን ሰማ። ዋናው ጥፋተኛ ተለይቶ ስላልወጣ፣ ፊውዙ፣ ማብሪያ ማጥፊያው፣ አምፖሎቹና ባትሪው በአንድነት ተቀጡ፤ እስከ ሰኞ ድረስ ከመኪናዋ ወጥተው አጎዛው ላይ እንዲቆዩ ተወሰነ። ይግባኝ ያለ አልነበረም። ለመሰነባበቻ አንድ ዳቦ ተቆረሰ፤ ከሌላውም ግማሹ።

እሁድ ጧት ወይዘሮ ጥሩሸዋ በሩን ሲከፍቱ ጉም የሚባል ነገር አልነበረም። ከግቢው ቆሞ ማዶ ያሉትን በጎች አንድ በአንድ መቁጠር ይቻላል።

«ሰማዩ ጠርቷል» አሉ ባላቸውን። «ዛሬ መብራትም አያስፈልግ። ባትሪውን ይመልሱትና እንሂድ።»

«ፍርደኛ ነው እኮ።»

«የፈረዱት እርስዎ ነዎት።»

«ለዚህም ነው ማፍረስ የማልችለው። ደግሞስ ከዓርብ ማታ ወዲህ አንድም ጊዜ ብልጭ ድርግም ብሏል? ይህ ውጤት አይደለም?»

ወይዘሮ ጥሩሸዋ የተረፈውን ዳቦ በነጠላ ቋጥረው መንገድ ወጡና ሚኒባስ ያዙ። ሞላሌ ሲደርሱ ወንድማቸው አንዷለም በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ከእህቱ ኋላ አየ፤ ማንም የለም።

«አማቻችንስ?»

«ችሎት ላይ ናቸው።»

«መኪናዋስ?»

«ተፈርዶባታል።»

አንዷለም ቋጠሮውን ተቀብሎ ፈታው። አንድ ዳቦና ግማሽ ነበር።