የሚፈልግ ይዞራል

መፈለግ መዞር ነው። ይህን ያሉት ልጅ ሳለሁ ጣሊያንኛ ያስተማሩኝ መምህር ናቸው እንጂ እኔ አይደለሁም። ጣሊያን «መፈለግ» ሲል «ቼርካሬ» ይላል፤ ቃሉን የወረሰው ከላቲን ነው፤ ያኔ ትርጉሙ ዙሪያውን መዞር ነበር። የጠፋ በግም ሲፈልግ፣ ሥራም ሲፈልግ፣ አንድ ነገር ለማድረግ ሲሞክርም ያው ቼርካሬ ነው። የእንግሊዝኛው «ሰርች» እንኳ የዚያው ዘር ነው አሉን። ለፈተና ሸመደድኩት፤ ደግሞ ምን ሊሠራልኝ!

አትላንታ ላይ ሠራልኝ። እናቴ ከደሴ በመጣች በሳምንቷ «ትንሽ ወዲያ ወዲህ ልበል» ብላ አቮንዴል እስቴትስ ካለው አፓርታማችን ወጣች፤ አልተመለሰችም። እንግሊዝኛ አታውቅ፣ ሞባይል አልያዘች፣ አድራሻችንን አታውቅ። ጓደኛዬ ሰይድ ጋ ደወልኩ። ታክሲ ነጂ ነው፤ ኤርፖርት ተሰልፎ ተራው ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ታክሲ የነዳችሁ ታውቁታላችሁ፣ ያ ተራ እንዲህ በቀላሉ አይለቀቅም። «እማማ ጠፉ? መጣሁ» ብሎ ስልኩን ዘጋው። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው የሚባለው እንዲህ ላለው ቀን ነው።

ዞርን። በየመንገዱ፣ በየፓርኪንግ ሎቱ ዞርን፤ ሰይድ በለሆሳስ ዱዓ እያደረገ፣ እኔ ነጠላ የመሰለ ሻርፕ ያደረገች ሴት ባየሁ ቁጥር «ቁም!» እያልኩ።

አንድ ቤት ደጅ ድንኳን ተተክሏል፤ ወንበር ተደርድሯል፤ ሰው ይገባል ይወጣል። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እዚያ ተቀምጣለች። አጠገቧ አንዲት ፈረንጅ እጇን ለእናቴ ሰጥታ ታለቅሳለች።

ሰይድ ፓርክ እስኪያደርግ አልጠበቅኩም፤ ዘልዬ ወረድኩ። ለካ ፈረንጇ እንደ አገሩ ልማድ የሟች አባቷን ዕቃ ደጅ አውጥታ እየሸጠች ነው! እናቴ ደግሞ ድንኳንና ወንበር ካየች ለቅሶ ነው፤ የማንም ይሁን የማን፣ ሳይደርሱ አይታለፍም።

«እማዬ፣ ለቅሶ አይደለም፤ ገበያ ነው። ተነሺ እንሂድ» አልኳት።

«ገበያ ከሆነ ይህቺ ልጅ ምን ያስለቅሳታል?»

ሴትዮዋን ይቅርታ ልጠይቃት ስል ቀደመችኝ፤ «ከጠዋት ጀምሮ ሰው ሁሉ ዋጋ ሲጠይቀኝ ዋለ። እጄን የያዙኝ እኚህ እናት ብቻ ናቸው። አመሰግናለሁ በልልኝ» አለችኝ።

ለእናቴ ነገርኳት። ሰይድም ደረሰ።

«እንግዲያው ምን ያቆማችኋል? ተቀመጡ» አለችን።

ሰይድ አንድ ወንበር ሳበና የተለጠፈበትን የዋጋ ወረቀት ላጥ አድርጎ ተቀመጠ።